ውሃ የጠማው መስሎን፦ ስለ ቤት ውስጥ አበቦች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ክረምት ጎረቤቴ አፍሪካን ቫዮሌት የሚባል የቤት ውስጥ አበባ ይዛ በሬን አንኳኳች። ቅጠሉ ጠውልጎ አፈሩ ላይ ተኝቷል። «በየቀኑ አጠጣዋለሁ፣ ግን ይኸው!» አለችኝ። ከተተከለበት ዕቃ ሳወጣው ሥሩ ቡናማ ሆኖ ላሽቋል፤ ሲነኩት ይበጣጠሳል፤ የረግረግ ሽታም አለው። ይህን ተክል የጎዳው ጥም አልነበረም።

«የጠወለገ አበባ ውሃ ጠምቶታል»

ሁልጊዜ አይደለም። ሥር እንደ ውሃው ሁሉ አየርም ይፈልጋል። አፈሩ ሳይደርቅ ከሰነበተ ሥሩ አየር ያጣና ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ አይችልም። ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠወልጋል፤ እኛም አዝነንለት እንጨምርለታለን። ከማጠጣታችሁ በፊት ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ከተት አድርጉ። ከረጠበ ተዉት። ከላይ ያለው አፈር ከደረቀ ከታች እስኪፈስ አጠጡት፣ ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ድፉት። ቀን ቆጥሮ ማጠጣት አይሠራም። አዲስ አበባ ውስጥ በነሐሴ በሳምንት አንዴ የሚበቃው ተክል በየካቲት ሁለቴ ሊፈልግ ይችላል።

«ከታች ጠጠር ካለ ቀዳዳ አያስፈልግም»

ይህን ብዙ ሰው ያምንበታል። ግን ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም። ከጠጠሩ በላይ ያለው አፈር መጀመሪያ እስኪጠግብ ይይዘዋል። ጠጠሩ የሚያደርገው እርጥቡን አፈር ወደ ሥሩ ማስጠጋት ነው። ቀዳዳ ያስፈልጋል። ቀዳዳ የሌለው የሚያምር ዕቃ ከወደዳችሁ፣ ተክሉን ታቹ ቀዳዳ ካለው የፕላስቲክ ዕቃው ጋር ውስጡ አስቀምጡት። መረሬ አፈር ብቻውን አትሙሉ፤ ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አሸዋና በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ቀላቅሉበት።

«ትልቅ ዕቃ ከሆነ ብዙ ያብባል»

አፍሪካን ቫዮሌት ላይ ተቃራኒው ነው። የትውልድ አገሩ ሩቅ አይደለም፤ የታንዛኒያ የኡሳምባራ ተራሮች ነው። እዚያ በጥላ ሥር፣ ድንጋይ ላይ በተጠራቀመች ጥቂት አፈር ይበቅላል። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ቮን ሴንት ፖል የተባለ ጀርመናዊ ባለሥልጣን ወደ አገሩ ላከው፤ ለረጅም ጊዜ ሳይንሳዊ ስሙ ሴንትፖሊያ የነበረውም ለዚህ ነው። ትልቅ ዕቃ ውስጥ ሲገባ አፈሩ ቶሎ አይደርቅም፣ አበባውም ይዘገያል። የዕቃው አፍ የቅጠሎቹን ስፋት አንድ ሦስተኛ ያህል ቢሆን ይበቃዋል። ብርሃን ይወዳል፣ የቀትር ፀሐይ ግን ቅጠሉን ያቃጥለዋል። ቀዝቃዛ ውሃ ቅጠሉ ላይ ካረፈ የገረጣ ክብ ምልክት ይተዋል። እኔ ውሃውን ከማታ ቀድቼ ቤት ውስጥ አሳድረዋለሁ።

«የቡና አተላና ዩሪያ አበባ ያበዛሉ»

አተላ ኮምፖስት ውስጥ ሲገባ ጥሩ ነው። በየቀኑ ዕቃው ላይ ሲደፋ ግን ይጋገራል፣ ይሻግታል፣ ትናንሽ ዝንቦች ይጠራል። ዩሪያ ደግሞ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ናይትሮጅን ሲበዛ ቅጠሉ ይፋፋል እንጂ አበባ አይመጣም። ትንሽ ዕቃ ውስጥ ደግሞ ሥር ያቃጥላል። ዩሪያን ለእርሻው ተዉለት።

«መኝታ ቤት ያለ ተክል ሌሊት ኦክስጅን ይሻማናል»

ተክል ሌሊት ይተነፍሳል፣ እውነት ነው። ግን የሚወስደው አጠገባችን የተኛ ሰው ከሚወስደው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። እባካችሁ የምትፈሩት ይህን ሳይሆን በር ተዘግቶ የሚያድር የከሰል ምድጃ ይሁን። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።

በተቃራኒው «ተክል የቤቱን አየር ያጸዳል» የሚሉም አሉ። መነሻው ናሳ በ1989 ያወጣው ጥናት ነው። ጥናቱ የተሠራው ግን በታሸገ ትንሽ ክፍል ውስጥ ነበር። በ2019 የወጣ ግምገማ እንዳሳየው፣ እንደ መስኮት መክፈት ያህል ለማጽዳት በአንድ ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 1,000 ተክል ያስፈልጋል። አበባውን ለውበቱ ግዙት፤ ለአየሩ መስኮት ክፈቱ።

«ነጩ አበባ አረንጓዴ ከሆነ ታሟል»

ፒስ ሊሊ የሚባለው የቤት ውስጥ ተክል ላይ አበባ የምንለው ነጭ ነገር ቅጠል ነው። እውነተኛዎቹ አበቦች መሐሉ ላይ ያለው ዘንግ ላይ ተደርድረዋል። ነጩ ሲያረጅ አረንጓዴ ይሆናል። አልታመመም፤ ሲጠወልግ ከሥሩ ቁረጡት።

«በደንብ የፈካውን መግዛት ይሻላል»

ሁሉም አበባ የፈካበት ተክል ድግሱን ጨርሷል። ያልተከፈተ እንቡጥ የበዛበትን ምረጡ። የቅጠሉንም ጀርባ ገልብጣችሁ እዩ፤ ነጫጭ ተባይ የሚደበቀው እዚያ ነው።

«ሥሩ ከበሰበሰ አለቀለት»

የጎረቤቴን ቫዮሌት ልጥለው ስል ሁለት ጠንካራ ቅጠሎች አየሁበት። እያንዳንዱን ከነአጭር አገዳው ቆርጬ እርጥብ አሸዋና ኮምፖስት ውስጥ ተከልኳቸው፤ በላዩ ግልጽ ላስቲክ ደፋሁበት። ነሐሴ ላይ ነበር። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከአንደኛው አገዳ ሥር የምስር ፍሬ የምታህል ጸጉራም ቅጠል ብቅ አለች። ተክሏ እስክታብብ ገና ወራት ይቀራታል። ጎረቤቴ ግን ከአሁኑ በየሁለት ቀኑ እየመጣች ታያታለች፤ ውሃ ሳትይዝ።