በዓመት 900 ሰዓት ብቻ? የአብራሪ ሰዓት እንዴት ይቆጠራል

ጎንደር ውስጥ አዘዞ ላይ አውሮፕላን ሲያርፍ እያየ ያደገ ልጅ ፓይለት መሆን ቢመኝ አይገርምም። ስለ ሥራው ስናወራ ግን አንድ ነገር ግር ይላል። የአውሮፓ ሕግ አንድ አብራሪ በዓመት ከ900 ሰዓት በላይ እንዳይበር ይከለክላል። "በቀን ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ታዲያ ምኑ ያደክማል?" ይባላል።

ግርታው ያለው "የበረራ ሰዓት" በሚለው ላይ ነው። የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ለመነሳት ከቆመበት ሲንቀሳቀስ ጀምሮ አርፎ እስኪቆም ያለው ብቻ ነው። አብራሪው ግን ቀደም ብሎ ይገባል። የአየር ጠባይ ያያል፣ የነዳጁን መጠን ይወስናል። በርካሽ ዋጋ የሚያበሩ አየር መንገዶች ደግሞ አጫጭር በረራ ያበዛሉ። በቀን አራት ጊዜ ተነስቶ ማረፍ የተለመደ ነው። በየመሃሉ መንገደኛ ሲወርድና ሲሳፈር ያለው ጊዜ የበረራ ሰዓት አይባልም፤ ሥራ ግን ነው።

ለዚህ ነው ሌላ ጣሪያ የተቀመጠው። በተከታታይ 7 ቀናት የሥራ ሰዓቱ ከ60 አይበልጥም። በረራው ሲበዛ ደግሞ የቀኑ ገደብ ያጥራል። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የገባ አብራሪ ሁለት በረራ ካለው በመደበኛው ደንብ ቢበዛ ለ13 ሰዓት ያህል መሥራት ይፈቀድለታል። አራት ካለው ለ12 ሰዓት ብቻ ነው። ይህ ትክክል ይመስለኛል፤ ከባዱ መነሳትና ማረፉ ነውና።

በርካሽ ዋጋ የሚያበረው የአየርላንዱ አየር መንገድ ራያንኤር የሚታወቅበት 5 ቀን ሥራ፣ 4 ቀን ዕረፍት ጥሩ ነው። ቢሆንም አዲስ ገቢዎች ውል ከመፈረማችሁ በፊት ክፍያው በበረራ ሰዓት ይሁን በሥራ ሰዓት እንደሚሰላ ጠይቁ። ተጠባባቂ ሆናችሁ ቤት የምትውሉበት ቀን እንዴት እንደሚከፈልም አትርሱ።