የሕፃናት የአልጋ ቁስል ምንድን ነው?

«ልጅም የአልጋ ቁስል ይይዘዋል እንዴ?» ባሕር ዳር፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የእህቴን ልጅ ሳስታምም ነርሷን እንዲህ አልኳት። መጋቢት ነው፣ ሙቀቱ አይጣል። ፍራሹ ላስቲክ ለብሷል፣ አንሶላው በላብ ርሷል። የአልጋ ቁስል የሽማግሌ ነገር ይመስለኝ ነበር። ነርሷ አልመለሰችልኝም። የልጁን ራስ ቀስ አድርጋ አነሳችና ከኋላ፣ ፀጉሩ ሥር፣ ሳንቲም የምታክል የጠቆረች ቦታ አሳየችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቦታ ለረጅም ጊዜ ሲጫን ደም አይደርሰውም፣ ሥጋው ይጎዳል። ቆዳው ሳይላጥ ውስጡ ሊበላሽ ይችላል። የአሜሪካ ባለሙያዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ስያሜውን ከ«ቁስል» ወደ «ጉዳት» የለወጡትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አዋቂን የሚያጠቃው ወገቡ ሥርና ተረከዙ ላይ ነው። የሕፃን ራስ ግን ከሰውነቱ አንፃር ትልቅ ነው፤ በጀርባው ሲተኛ ጫናው እዚያ ያርፋል። ሌላው ጣጣ ዕቃው ነው፦ አፍንጫና ጆሮ ላይ የሚያልፈው የኦክስጅን ቱቦ፣ ጀሶ፣ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን የመድኃኒት ቱቦ) ያለበት እጅ የታሰረበት ካርቶን፣ ጣት ላይ የምትቆነጠጠው የኦክስጅን መለኪያ። ራሱን የሳተ፣ ምግብ ያነሰው፣ ሰውነቱ ያበጠ፣ ዳይፐሩ ርሶ የሚቆይ ልጅ ይበልጥ ይጋለጣል። ያለ ጊዜው የተወለደማ ቆዳው ስስ ነው። ለልጆች የተዘጋጀ ብሬደን ኪው የሚባል መመዘኛ አለ፤ ከ28 ይታሰባል፣ 16 እና ከዚያ በታች ያመጣ ልጅ ለአደጋ የተጋለጠ ነው።

ምልክቱ «ቆዳው ይቀላል» የሚባለው ነገር ለኛ ልጆች ብዙም አይሠራም። ጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል። በእጅ ጀርባ ዳስሱት፦ ከአጠገቡ ካለው ቆዳ ሞቀ ወይስ ቀዘቀዘ? ጠጠረ ወይስ ላላ?

እናቴ ይህን ስትሰማ ቅቤ ይዛ ከች አለች፣ ልታሸው። «እማማ፣ እባክዎ አይሹት» አለች ነርሷ። ማሸት የተጎዳውን ሥጋ ይበልጥ ይጎዳዋል። ቀለበት ትራስም እንዲሁ አይመከርም፤ ጫናውን ወደ ጠርዙ ያዞረዋል።

የታዘዘልን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ነበር። ጀሶ ወይም የአከርካሪ ጉዳት ካለ ግን ነርስ ሳይጠይቁ ልጁን መንካት የለም። የስልኬን ደወል ሞላሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲጮህ፣ ከዘጌ የመጣችው የጎረቤት አልጋ እናትም ተነስታ የራሷን ልጅ ታገላብጥ ጀመር።