የውሃ የኋልዮሽ ፍሰትና መከላከያው በመኖሪያ ቤት ቧንቧ

የኋልዮሽ ፍሰት የሚባለው ከንጹሕ ውሃ መስመር የወጣ ውሃ አቅጣጫውን ቀይሮ ተመልሶ ወደ መስመሩ ሲገባ ነው። ሲመለስ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ይገባል፦ ሳሙና፣ ፀረ ተባይ፣ የፍሳሽ ጀርም። መስመሩ የጋራ ስለሆነ ጉዳቱ ስሕተቱ በተሠራበት ቤት ላይ አይቆምም።

መንሥኤው ሁለት ነው። አንደኛው መሳብ ነው። ዋናው መስመር ሲፈነዳ ወይም ለእሳት ማጥፊያ ብዙ ውሃ ሲቀዳ ግፊቱ ከከባቢ አየር ግፊት በታች ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ጫፉ ባልዲ ውስጥ የተነከረ ጎማ ውሃውን ወደ ኋላ ይስባል። ሁለተኛው መገፋት ነው። ፓምፕ፣ ውሃ ማሞቂያ ወይም ከፍ ብሎ የተሰቀለ ታንከር ከዋናው መስመር የበለጠ ግፊት ሲፈጥር ውሃው ወደ መስመሩ ይገፋል። ታንከር በየ10 ሜትር ከፍታው 1 ባር ገደማ ይጨምራል።

አደጋው በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1933 በቺካጎ ነው። ከተማዋ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ባስተናገደችበት ወቅት የአሜባ ተቅማጥ ተነሥቶ ከ1,400 በላይ ሰዎች ታመሙ፣ 98 ሞቱ። ምርመራው ያመራው ወደ ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ሆቴሎች ሲሆን፣ እዚያም የመጠጥ ውሃው በተበላሸ የቧንቧ ሥራ ከፍሳሽ ጋር መገናኘቱ ታወቀ። የቧንቧ ሙያ የሕዝብ ጤና ጠባቂ መሆኑን ከዚህ በላይ ያሳየ ክስተት ጥቂት ነው። በ1944 በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ለዚሁ ጉዳይ የምርምር ተቋም ተመሠረተ። በ1969 ደግሞ በማሳቹሴትስ የሆሊ ክሮስ ኮሌጅ የእግር ኳስ ቡድን በሄፐታይተስ ተመትቶ የውድድር ዘመኑን አቋረጠ። በአቅራቢያው ለተነሣ እሳት ውሃ ሲሳብ፣ በሜዳው ማጠጫ ቧንቧዎች ዙሪያ የተጠራቀመ የተበከለ ውሃ ወደ መጠጥ መስመሩ ገብቶ ነበር።

ከመከላከያዎች ሁሉ አስተማማኙ የአየር ክፍተት ነው፤ የሚበላሽ ዕቃ የለውም። በቧንቧው አፍና ከሥሩ ባለው ገንዳ ጠርዝ መካከል የቧንቧውን ውስጣዊ ስፋት ሁለት እጥፍ፣ ቢያንስ 25 ሚሊ ሜትር፣ ክፍት ቦታ ይተዋል። የሚለካው ከጠርዙ እንጂ ከውሃው ወለል አይደለም። የመጸዳጃ ቤት ታንከር መሙያ ቫልቭም በላዩ ያለው የመከላከያ ከፍታ ምልክት ከትርፍ ውሃ ማስወጫው አፍ 25 ሚሊ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ቫልቭ ሲቀየር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይኸው ነው።

አየር አስገቢ ቫልቭ ግፊት ሲወርድ ተንሳፋፊው ወድቆ አየር ያስገባል፤ መሳቡም ይቋረጣል። ከመጨረሻው ከፍተኛ መውጫ 15 ሳንቲ ሜትር በላይ ይገጠማል፤ ከእሱ ወዲያ መዝጊያ ቫልቭ አይደረግም፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ12 ሰዓት በላይ ግፊት ከቆየበት ተንሳፋፊው ሊጣበቅ ይችላል። ሞላ (ስፕሪንግ) ያለው ዓይነት የማያቋርጥ ግፊት ይችላል፤ ከፍታው ግን 30 ሳንቲ ሜትር ነው። ሁለቱም መገፋትን አይከለክሉም።

ድርብ ቼክ ቫልቭ፣ ማለትም ውሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ሁለት ቫልቮች በተከታታይ፣ መሳብንም መገፋትንም ይከለክላል፤ ለዝቅተኛ አደጋ ብቻ ነው። አንድ ቼክ ቫልቭ ብቻውን መከላከያ ሊባል አይገባም፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ክፍት ታስቀረዋለች። ለአትክልት ማጠጫ መስመር አንዳንድ ደንቦች ድርብ ቼክን ይቀበላሉ፣ ሌሎች አይቀበሉም። ማዳበሪያ የሚቀላቀልበት መስመር ከሆነ ግን ማስተንፈሻ ያለውን መከላከያ መግጠም ግድ ነው። ይህ በሁለት ቼክ ቫልቮች መካከል ማስተንፈሻ ቫልቭ አለው፤ በመግቢያውና በመካከለኛው ክፍል መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ከ2 ፒ.ኤስ.አይ. (0.14 ባር ገደማ) በታች ከመውረዱ በፊት ተከፍቶ ውሃውን ወደ ውጭ ይደፋል። ስለዚህ ጉድጓድ ውስጥ አይቀበርም፤ ማፍሰሻውም በውሃ መዋጥ የለበትም።

ማስተንፈሻው ያለማቋረጥ ካንጠባጠበ፣ ከእሱ ወዲያ ያለ ቧንቧ ከፍቶ ማየት ነው። ውሃው ሲፈስ ጠብታው ከቆመ የመጀመሪያው ቼክ ቫልቭ ቆሽሿል፤ ካልቆመ ችግሩ የማስተንፈሻው ነው። አልፎ አልፎ ብቻ የሚያንጠባጥብ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የመስመሩ ግፊት እየተለዋወጠ ነው። ምርመራው በዓመት አንድ ጊዜ፣ በግፊት ልዩነት መለኪያ ይደረጋል።

ቆጣሪው ላይ መከላከያ ሲገጠም ቤቱ ዝግ መስመር ይሆናል። 150 ሊትር ውሃ ከ10 ወደ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ 2.5 ሊትር ያህል ይጨምራል፤ መሄጃም የለውም። ማሞቂያው በሠራ ቁጥር የደኅንነት ቫልቩ የሚያንጠባጥበው በዚህ ነው። መፍትሔው የማስፋፊያ ታንክ ነው፦ የጨመረውን ውሃ የሚቀበል፣ አየር ያለበት ታንክ፤ አየሩም ታንኩ ባዶ ሳለ ከመስመሩ ግፊት ጋር እኩል ይሞላል።