የቦስተኑ አሮጌ እስር ቤት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ቦስተን፣ ቻርልስ ጎዳና ላይ የሚገኘው ሊበርቲ ሆቴል እስከ 1990 ድረስ የሰፎክ ካውንቲ (ቦስተን የምትገኝበት የአስተዳደር ክልል) እስር ቤት ነበር (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ስለ ቤቱ ብዙ ይወራል፤ የሚወራው ሁሉ ግን ልክ አይደለም።

«እንግዶቹ የሚያድሩት በእስረኞች ክፍል ነው።» አይደለም። በ2007 ሆቴሉ ሲከፈት አብዛኞቹ መኝታ ክፍሎች አጠገቡ በተሠራው አዲስ ፎቅ ውስጥ ነበሩ።

«ገና ሲሠራ ሰው ማሠቃያ እንዲሆን ታስቦ ነው።» እንዲያውም በ1851 ሲከፈት የተሻለ አያያዝ ያመጣል የተባለለት ቤት ነበር። አርክቴክቱ ግሪድሊ ብራያንት ንድፉን ያወጣው የእስር ቤት አያያዝ እንዲሻሻል ይሟገት ከነበረው ከሉዊስ ድዋይት ጋር መክሮ ነው። አራቱ ክንፎች በመስቀል ቅርጽ ከመሐል አዳራሽ ይገናኛሉ፤ ረጃጅሞቹ መስኮቶች ብርሃንና አየር እንዲያስገቡ የታሰቡ ናቸው። ክፍሎቹ 220 ነበሩ፣ በእያንዳንዳቸው አንድ ሰው ብቻ እንዲያድር። ነገሩ የከፋው ኋላ፣ ሕንፃው አርጅቶ ለአንድ ሰው በተሠራ ክፍል ሁለት ሰው ሲታጎርበት ነው።

«ወንጀለኛ ታስሮ ደግሞ ምን ምቾት ያምረዋል?» ይህን የሚል ዛሬም አይጠፋም። በእስር ቤቱ አያያዝ ላይ ክስ የመሠረቱት እስረኞች ግን ገና ፍርዳቸውን የሚጠባበቁ ነበሩ፤ ሕጉ ንጹሕ ናቸው ብሎ የሚገምታቸው። የፌዴራሉ ዳኛ አርተር ጋሪቲ መዝገብ በማገላበጥ ብቻ አልረኩም፤ እዚያው እስር ቤት ገብተው አንድ ሌሊት አደሩ። ከታሪኩ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ስንት ዳኛ ያደርገዋል? በ1973 አያያዙ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲሉ ፈረዱ።

«ተፈረደ፣ ተዘጋ።» ፍርዱ እስከ 1976 አጋማሽ ይዘጋ ይል ነበር። የተዘጋው ግን በ1990 ነው። በ1979 ካውንቲውና እስረኞቹ 309 ክፍሎች ያሉት አዲስ እስር ቤት እንዲሠራ ተስማሙ። ግንባታው ሳይጀመር የእስረኛው ቁጥር ስላሻቀበ ስምምነቱ በ1985 ተሻሻለ፤ በመጨረሻ የተሠሩት ክፍሎች 453 ሆኑ።

«አዲሱ እስር ቤት መጨናነቁን ገላገለ።» ናሹዋ ጎዳና ላይ ያለው አዲሱ ሕንፃ ገና ሳያልቅ፣ በ1989 እስር ቤቱን የሚያስተዳድረው የካውንቲው ሸሪፍ ስምምነቱ ይሻሻልና በ197 ክፍሎች ሁለት ሁለት ሰው ላስገባ ብሎ ፍርድ ቤት ጠየቀ። ጋሪቲ ያገዱት ይህንኑ ነበር። ክርክሩ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1992 ፍርድ ቤቱ ጥያቄውን አልፈቀደም፣ አልከለከለምም፤ እንዲህ ያለ ስምምነት የሚሻሻልበትን መስፈርት አላልቶ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ወደ ሥር ፍርድ ቤት መለሰው።