ቸኮሌት ለጥንቸልና ለውሻ ለምን መርዝ ይሆናል?

ደሴ ውስጥ ጥንቸል የሚያሳድጉ ልጆች ከሱቅ የገዙትን ቸኮሌት ቆርሰው ሲያጎርሷት ይታያል። ፍቅራቸው ደስ ይላል፤ ጉርሻው ግን ሊገድላት ይችላል።

ጉዳቱን የሚያመጣው በካካዎ ፍሬ ውስጥ ያለው ቴዎብሮሚን ነው። የካፌይን የቅርብ ዘመድ ሲሆን ልብንና ነርቭን ያነቃቃል። የሰው ሰውነት ቶሎ ያስወግደዋል፤ ከውሻ ደም ግን ግማሹ እስኪወጣ እንኳ 17 ሰዓት ያህል ይፈጃል። 10 ኪሎ የሚመዝን ውሻ 100 ግራም ጥቁር ቸኮሌት ቢበላ የልቡ ምት ሊዛባ፣ ሰውነቱም ሊንቀጠቀጥ ይችላል። የወተት ቸኮሌት መርዙ ያንሳል፤ የካካዎ ዱቄት ግን ከሁሉም ይብሳል።

እኔን ይበልጥ የምታሳስበኝ ጥንቸሏ ናት። ውሻ የበላውን ያስታውካል፤ ጥንቸል ማስታወክ ጨርሶ አትችልም። ክብደቷ ትንሽ ስለሆነ ጥቂቱም ይበዛባታል። በዚህ ላይ ስኳሩና ቅባቱ ሣር የሚያብላሉትን የአንጀቷን ባክቴሪያዎች ያውካል፤ ሆዷ ይነፋል፣ መብላትም ታቆማለች። ስለዚህ ቴዎብሮሚን የለውም የሚባለው ነጭ ቸኮሌትም ለእርሷ አይሆንም።

የቡና አተላም በካፌይኑ የተነሳ አደገኛ ነው። በረካው ካለቀ በኋላ የጀበናውን አተላ ውሻ በማይደርስበት ቦታ ድፉት።

እንስሳው ቸኮሌት ከበላ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ። ጨው በጥብጦ መጋትም ሌላ መርዝ መጨመር ነው። መጠቅለያውን ይዛችሁ፣ ምን ያህል እንደበላ ገምታችሁ፣ በፍጥነት ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት።