እምነት ፊደል ሲያስቆጥር

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ጌታችን ለደቀ መዛሙርቱ አሕዛብን እንዲያጠምቁ ባዘዘበት ቃል ውስጥ «ያዘዝኋችሁንም ሁሉ እንዲጠብቁ እያስተማራችኋቸው» የሚል አለ (ማቴ. 28፥20)። ማጥመቅና ማስተማር በአንድ ትእዛዝ የተሰጡ ናቸው። ሰው ያመነውን እንዲያውቅ፣ ያወቀውንም ለልጁ እንዲያስረዳ የሚጠይቅ እምነት ፊደልን ችላ ሊል አይችልም፤ ክርስትና በደረሰባቸው ብዙ አገሮች ከጸሎቱ ስፍራ አጠገብ የመማሪያ ስፍራ የተገኘውም ለዚህ ይመስለኛል።

ይህን ሳስብ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ የኖረው ዲዲሞስ ነው። የዓይኑን ብርሃን ያጣው በአራት ዓመቱ ገደማ፣ ፊደል ሳይቆጥር ነበር። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ሶዞሜን እንደሚተርከው ግን ጠልቀው የተቀረጹ ፊደላትን በጣቱ እየዳሰሰ ተማረ፤ የቀረውንም ሌሎች ሲያነቡለት እያዳመጠ ሰዋስውን፣ የንግግር ጥበብን፣ ሒሳብንና ጂኦሜትሪን አጠና። ይህ የሆነው የብሬል ጽሕፈት ከመፈጠሩ ከ1400 ዓመታት በላይ ቀደም ብሎ ነው። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ አትናቴዎስ የከተማይቱን የትምህርት ቤት አደራ ሰጠው፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የተረጎመው ሄሮኒሞስም ከእግሩ ሥር ተቀምጦ ተማረ። አንዳንድ አስተሳሰቦቹ በኋላ ዘመን ቢወገዙም፣ እንደ በርጤሜዎስ ያሉ ዓይነ ስውራን በመንገድ ዳር ተቀምጠው በሚለምኑበት ዓለም ቤተ ክርስቲያን ዓይነ ስውሩን በመምህር ወንበር ላይ ማስቀመጧን ልንረሳው አይገባም።

ትምህርትና እምነት ምን ያህል የተሳሰሩ እንደ ነበሩ ጠላትም ያውቅ ነበር። ክርስትናን ትቶ ወደ ጣዖት አምልኮ የተመለሰው የሮም ንጉሥ ዑልያኖስ እ.ኤ.አ. በ362 ክርስቲያን መምህራን የጥንቶቹን የግሪክ ባለቅኔዎች የሆሜርንና የሄስዮድን ድርሰቶች እንዳያስተምሩ ከለከለ፤ ከፈለጉ ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ሄደው ማቴዎስንና ሉቃስን ይተርጉሙ አለ። በሮም ስመ ጥር የነበረው መምህር ማርዮስ ቪክቶሪኖስ እምነቱን ከመተው ወንበሩን መልቀቅን መረጠ። የናዚአንዙ ጎርጎርዮስም የግሪክ ቋንቋና ጥበብ የጣዖት አምላኪዎች ብቻ ርስት እንዳልሆነ አጥብቆ ተከራከረ። እነዚህ አባቶች የቀደመውን ባህል በጅምላ አልጣሉም፣ በጅምላም አልተቀበሉም፤ ሐዋርያው «በልባችሁ መታደስ ተለወጡ እንጂ ይህን ዓለም አትምሰሉ» (ሮሜ 12፥2) ያለውን ይዘው መረመሩት እንጂ።

ፊደል ላልነበረው ሕዝብ ደግሞ ፊደል ተቀረጸ። መነኩሴው ሜስሮፕ ማሽቶጽ እ.ኤ.አ. በ405 ገደማ የአርመንን ፊደል ካዘጋጀ በኋላ በመጀመሪያ የተተረጎመው ቃል «ጥበብንና ተግሣጽን ለማወቅ» የሚለው የምሳሌ መጽሐፍ መክፈቻ እንደ ነበር ደቀ መዝሙሩ ጽፎ አቆይቶናል። የአርመን ሕዝብ ሥነ ጽሑፍ ከዚያ ጀምሮ በራሱ ፊደል ተጻፈ።

ነገር ግን እውነቱን እንናገር ካልን፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ክርስቲያን ነን የሚሉ ሰዎች በባርነት የያዟቸውን ማንበብ ማስተማርን የሚከለክል ሕግ አውጥተዋል። ማንበብ የቻለ ሰው የሙሴንና የፈርዖንን ታሪክ በራሱ ዓይን እንደሚያነብ ያውቁ ነበር። ይህ በእኛ ስም የተፈጸመ ኃጢአት ነውና ልናዝንበት እንጂ ልንሸፋፍነው አይገባም።

እግዚአብሔር በሙሴ አማካይነት ስለ ቃሉ «ለልጆችህም አስተምረው፥ በቤትህም ስትቀመጥ፥ በመንገድም ስትሄድ፥ ስትተኛም፥ ስትነሣም ተጫወተው» ብሎ አዝዟል (ዘዳ. 6፥7)። ስለዚህ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ስለ ፍጥረት፣ ስለ ታሪክ ወይም ስለ ፍትሕ ከባድ ጥያቄ ይዘው ሲመጡ «ዝም ብለህ እመን» ብለን አንመልሳቸው፤ አብረን ተቀምጠን እናንብብ። በጉባኤያችንም መዝሙረ ዳዊትን በቃላቸው የሚያውቁ፣ ነገር ግን ራሳቸው ገልጠው ማንበብ የማይችሉ እናቶችና አባቶች ቢኖሩ፣ ከጸሎት በኋላ ከአንዳቸው አጠገብ ለግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ፊደል የሚያስቆጥር ወጣት እንመድብላቸው።