ጠንካራው ፈረስ ለምን የበለጠ ክብደት ይሸከማል?

«ጎበዙን ፈረስ በክብደት መቅጣት ፍትሐዊ ነው?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚነሳ ላስረዳ። እንደ አውስትራሊያው የሜልቦርን ዋንጫ ባሉ ውድድሮች ክብደት የሚመድበው ባለሙያ የየፈረሱን ያለፈ ውጤት አይቶ ለጠንካራው ብዙ፣ ለደካማው ጥቂት ኪሎ ይሰጣል። ዓላማው የማሸነፍ ዕድሉን ማቀራረብ ነው። ኪሎው የጋላቢውንና የኮርቻውን ክብደት ያካትታል፤ የጎደለው በእርሳስ ብረት ቁራጭ ይሞላል።

ማካይቢ ዲቫ የተባለችውን ባዝራ ተመልከቱ። በ2003 እ.ኤ.አ. 51 ኪሎ ተሸክማ አሸነፈች። በ2004 55.5፣ በ2005 ደግሞ 58 ኪሎ ተጫነባት፤ 3200 ሜትሩን ሁለቱንም ጊዜ ቀድማ ጨረሰች! ውጤቱን ብቻ ለሚያይ ሦስቱ ድሎች እኩል ናቸው። ለእኔ ግን ሦስተኛው ከመጀመሪያው እጅግ ይልቃል፤ ይህን ለማድነቅ በውርርድ ሳንቲም ማስያዝ አያስፈልግም።

ሁሉም ውድድር ግን እንዲህ አይደለም። በአሜሪካው ኬንታኪ ደርቢ ወንዶቹ ፈረሶች ሁሉ እኩል 57 ኪሎ ገደማ ይሸከማሉ፤ ለሴቶቹ ከሁለት ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ ይቀነስላቸዋል። አንድ ተጨማሪ ኪሎ ፈረስን ምን ያህል እንደሚያዘገይም ቁርጥ ያለ ልክ የለውም፤ እንደ ርቀቱና እንደ መሬቱ ሁኔታ ይለያያል።